ከደቡብ ሱዳን የሕክምና ሥራ በሰላም መውጣት፦ ርክክብ፣ ስንብትና በሀዋሳ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ከሀዋሳ ተነስተው ለሰብዓዊ ሕክምና ሥራ የሚሄዱ ነርሶች፣ አዋላጆችና ሐኪሞች ደውለው የሚጠይቁኝ ነገር አንድ ዓይነት ነው፦ አጎበር ልያዝ ወይ፣ ኔትወርክ አለ ወይ፣ ደሞዝ በየት በኩል ይገባል። እንዴት ነው የሚወጣው ብሎ የጠየቀኝ ግን እስካሁን የለም። እኔም ስሄድ አልጠየቅኩም። ወራት ሙሉ ደህና ሲሠራ ቆይቶ የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታት የሚያበላሽ ሰው ብዙ ነው፤ አንዱም እኔ ነበርኩ። ስለ ራሴ ብዙ አላወራም። የሳትኩትንና ሌሎች ሲስቱ ያየሁትን በየቅደም ተከተሉ ላስቀምጠው። የምጽፈው ደቡብ ሱዳን ውስጥ ካለ የገጠር ሆስፒታል ተነስቼ ነው፤ ቻድም ኮንጎም ብትሄዱ አብዛኛው ያው ነው።

መውጫችሁን ማሰብ ያለባችሁ ኮንትራቱ ሊያልቅ ስድስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ይህን ያህል ቀደም የምለው በመድኃኒት ትዕዛዝ ምክንያት ነው። ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት ከታዘዘ በኋላ ለመድረስ ወራት ይፈጃል፤ ስለዚህ በመጨረሻ የምትፈርሙበት ትዕዛዝ የእናንተ ሳይሆን የተተኪያችሁ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። የወር አማካይ ፍጆታን፣ ዕቃው እስኪደርስ በሚፈጀው ወርና በመጠባበቂያው ወር ድምር ታባዙታላችሁ፤ ከዚያ መጋዘን ያለውንና በመንገድ ላይ ያለውን ትቀንሳላችሁ። ለከባድ ወባ የሚሰጠው አርቴሱኔት መርፌ በወር 400 ብልቃጥ የሚሄድ ከሆነ፣ ዕቃው በ4 ወር የሚደርስና መጠባበቂያው 2 ወር ከሆነ፣ 2,400 ያስፈልጋል። እጅ ላይ 900 ካለ 1,500 ታዛላችሁ።

ወጥመዱ ያለው "አማካይ" የምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። በደቡብ ሱዳን ዝናቡ በግንቦት አካባቢ ገብቶ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ወባውም ከዝናቡ ጋር ይከመራል። እኔ የደረቁን ወራት አማካይ ይዤ ለክረምቱ አዘዝኩ። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ ወሩ ነው የተሳሳተው። እናንተ ካለፈው ዓመት መዝገብ ዕቃው ደርሶ የሚበላበትን ወር ፍጆታ አውጥታችሁ በዚያ አስሉ። ያለፈው ዓመት መዝገብ ካልተገኘ ደግሞ የነባር ነርሶችን አፍ ጠይቁ። በየትኛው ወር ሕፃናት በአንድ አልጋ ሁለት ሁለት እንደሚተኙ ከወረቀት ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

የርክክብ ሰነዱን ከአራት ገጽ አታስበልጡት፤ ሃያ ገጽ የጻፈ ሰው አንባቢ የለውም። የሕክምና መመሪያውን አትገልብጡ፣ ተተኪው አለው። የሚጻፈው የትም ያልተጻፈው ነው። ጄኔሬተሩ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል? ነዳጅ ሲያልቅ ቀድሞ የሚጠፋው የትኛው ክፍል ነው? ከኦክስጅን ኮንሰንትሬተሮቹ (ኦክስጅን ከአየር ከሚያጣሩት ማሽኖች) ፍሰቱ ከፍ ሲል የሚጮኸው የትኛው ነው? የአቧራ ማጣሪያውን በየሳምንቱ የሚያጥበው ማነው? የክትባት ማቀዝቀዣው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ እሁድ ከሰዓት የሚመዘግበው ሰው እንደሌለ ግን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። የመጋዘኑ ሁለተኛ ቁልፍ ማን ጋር ነው? ሲዘንብ የትኛው መንገድ ይቆረጣል፣ አምቡላንሱስ በየት ይዞራል?

እዚህ ላይ የእኛ ልማድ የሚያመጣው ስህተት አለ። ሲደክመን እጃችን በኢትዮጵያ ሰዓት ይጽፋል። "ጠዋት 2 ሰዓት" ብለን ያሰብነውን ሌላው ሌሊት 2 ሰዓት ብሎ ያነበዋል። አርቴሱኔት በ0፣ በ12 እና በ24ኛው ሰዓት የሚሰጥ ነውና ይህ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። በ24 ሰዓት አቆጣጠር ብቻ ጻፉ፤ ወርንም በቁጥር ሳይሆን በስሙ፣ ምክንያቱም 03/04 ለአንዱ መጋቢት መጀመሪያ፣ ለሌላው ሚያዝያ መጀመሪያ ነው። ስልካችሁን ደግሞ እዩት፤ ደቡብ ሱዳን ከየካቲት 2021 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ የአዲስ አበባን ሰዓት ይዞ የቀረ ስልክ ያሳስታል።

ልዩ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች፣ ሞርፊን፣ ኬታሚንና ዲያዜፓም፣ በወረቀት አይረከቡም። ተተኪው ባለበት ካርቶኑን ከፍታችሁ አምፑሉን አንድ በአንድ ቁጠሩ፣ ከመዝገቡ ጋር አስተያዩት፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። ቀላል አሠራር ነው፤ የሚዘለለውም ቀላል ስለሚመስል ነው። ከሄዳችሁ በኋላ ሦስት አምፑል ቢጎድል ጥርጣሬው የሚያርፈው መልስ መስጠት በማትችሉት በእናንተ ላይ፣ ከዚያ የባሰ ደግሞ እዚያው በቀረው የፋርማሲ ሠራተኛ ላይ ነው።

ለአልጋ ላይ ርክክብ ከተተኪው ጋር ከአምስት እስከ ሰባት ቀን አብራችሁ የምትሠሩበት ጊዜ ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ተተኪው እናንተን ይከተል፣ በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት እናንተ እሱን ተከተሉ፣ ከዚያ ከዋርዱ ውጡ። አስቸጋሪው ይህ መውጣት ነው። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ራውንድ የሚመራ ሰው ትጉህ ይመስላል፤ ግን ተተኪው ጥያቄው የሚመጣለት ብቻውን ሲቆም ነው፣ ያኔ ደግሞ እናንተ አውሮፕላን ላይ ናችሁ። ስለ እያንዳንዱ በሽተኛ ምርመራውን ሳይሆን ዛሬ ማታ ምን ሊበላሽ እንደሚችል አንድ መስመር ጻፉ። ለምሳሌ (ኤፍ-75 በከባድ የምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት መጀመሪያ ላይ የሚሰጥ የሕክምና ወተት ነው)፦ "አልጋ 7፣ 6.4 ኪሎ፣ ከባድ እብጠት፣ ኤፍ-75 በየ3 ሰዓቱ 80 ሚሊ። እብጠቱ ሲጎድል ክብደቱም ይወርዳል፤ መጠኑ ግን በመግቢያ ክብደቱ ይቀጥላል። ትንፋሹና የልብ ምቱ አብረው ከፈጠኑ ልቡ እየተጫነ ነው፣ ወዲያው ጥሩ።" ስሌቱ ከባድ እብጠት ላለበት ሕፃን በኪሎ በቀን 100 ሚሊ ነው፤ የሌለበት 130 ይወስዳል። ይህችን ልዩነት ሌሊት ላይ ያለ አዲስ ሰው በቀላሉ ይስታታል።

ተተኪው ላይመጣም ይችላል። ቪዛ ይዘገያል፣ ሰው ይታመማል፣ ክፍተት ይፈጠራል። ስለዚህ ርክክቡን ከመጀመሪያው ለአገሬው ነርስ ኃላፊ አድርጉት፤ ተተኪው ሲመጣ ከእሱ ይረከባል። ሲጀመርም ዋርዱን ይዞ የቆየው እሱ ነው፤ እኛ ከውጭ የመጣነው በየጥቂት ወሩ እንፈራረቃለን። ይህን አስቀድሞ የተረዳ ሰው ስንብቱም ይቀለዋል።

አሁን ወደ ስንብቱ። ለባልደረቦቻችሁ ሦስት ሳምንት ሲቀር ራሳችሁ ንገሩ፤ ከሾፌር ወይም ከወጥ ቤት አይስሙት። ለበሽተኞች ግን ሦስት አራት ቀን ይበቃል። ወራት የሚፈጅ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ወይም ልጇን ይዛ የሰነበተች እናት "ሐኪሙ ሊሄድ ነው" ሲሉ "ሕክምናው ሊያልቅ ነው" ብለው ይተረጉሙታል፤ መድኃኒቱን አቋርጦ የሚሄድ አለ። ብቻችሁን ሄዳችሁ አትንገሩ። ተተኪውን ወይም ነርስ ኃላፊውን ከአልጋው አጠገብ አቁማችሁ "ከነገ ጀምሮ የሚያይህ እሱ ነው፣ ካርድህም መድኃኒትህም እሱ ጋር ነው" በሉ። የቀጣዩ ቀጠሮ ቀን ካርዱ ላይ ተጽፎ ይታይ።

ለአገሬው ባልደረቦቻችሁ ከምትሰጡት ስጦታ ሁሉ የሚበልጠው የድጋፍ ደብዳቤ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚረሳውም እሱ ነው። "ሀገሬ ገብቼ እልክልሃለሁ" ማለት አልልክም ማለት ነው፤ ሀዋሳ ከገባችሁ ማህተሙ እጃችሁ ላይ የለም። ከሁለት ሳምንት በፊት ጻፉ፣ የሚመለከተው ኃላፊ ይፈርምበት፣ ማህተም ይረፍበት፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ቅጂ ይታተም። "ታታሪና ታማኝ ነው" የሚል ደብዳቤ ሥራ አያስገኝም። ከስንት ቀን እስከ ስንት ቀን በምን መደብ እንደሠራ፣ ስንት አልጋ ያለው ዋርድ እንደመራ፣ ያለ ተቆጣጣሪ ምን መሥራት እንደሚችል ጻፉ፦ የሕፃናት ደም ሥር ማግኘት፣ ደም መስጠት፣ የተመጣጠነ ምግብ እጥረት ክፍል ማስተዳደር። ስሙን ከመታወቂያው ላይ ገልብጡ እንጂ በምትጠሩት ቅጽል አትጻፉት።

ዕቃ ስታከፋፍሉ ተጠንቀቁ። ስቴቶስኮፕ፣ ቦት ጫማ፣ የራስ ባትሪ፣ ቴርሞስ፣ እነዚህ እዚያ ትልቅ ነገር ናቸው። ለወደዳችሁት ሰው በድብቅ ከሰጣችሁ ማታውኑ ይታወቃል፤ ቅያሜው ደግሞ የሚተርፈው ለተቀባዩ ነው። የግል ዕቃችሁን ዘርዝራችሁ በዕጣ አድርጉት፣ ዕጣ ማንም አይቀየምበትም። የድርጅቱ የሆነ ነገር ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ብድርም ዝጉ፤ የሰጣችሁትን የምትተዉ ከሆነ "ትቼዋለሁ" ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ፣ ሰውየው እያፈረ አይሸሻችሁ።

የሽኝት ዝግጅት ላይ የእኛ ሰው ቡና ማፍላት ይወዳል፤ ጥሩ ነው፣ ሰውን አስቀምጦ ያወያያል። የሲዳማ ጥሬ ቡና ከዕረፍት ስትመለሱ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ጀበናውን ግን ሸክላ አትያዙ፣ በትንሽ አውሮፕላን ውስጥ አይተርፍም፣ ብረት ማንቆርቆሪያ ይበቃል። ዋናው ነገር ስንብቱ ሁለት ጊዜ መሆኑ ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ስታደርጉት የሌሊት ተረኞች ይቀራሉ፤ እነሱ ደግሞ ከባዱን ሌሊት አብረዋችሁ ያሳለፉት ናቸው። ለእነሱ ጠዋት ሺፍት ሲለቁ ሌላ ዙር አፍሉ። ልብስ አጣቢዋን፣ ዘበኛውን፣ ጽዳቱንና አስተርጓሚውን በስም ጥሩ።

ንግግር ካደረጋችሁ ከሦስት ደቂቃ አይለፍ። በአስተርጓሚ ስትናገሩ ጊዜው እጥፍ ስለሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩና ቁሙ። "ሁላችሁንም አመሰግናለሁ" ከማለት፣ አንድ ሰው የሠራውን አንድ ነገር መጥራት ይሻላል፦ "በጎርፉ ጊዜ ኦክስጅኑን ተሸክሞ ያሻገረው" ብትሉ ሁሉም ማን እንደሆነ ያውቃል።

አስቸጋሪውን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። እናንተ ትኬት ይዛችሁ ትወጣላችሁ፣ እነሱ ቤተሰባቸው ካለበት ሥጋት ጋር ይቀራሉ። ይህን ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ። "አይዞህ፣ ያልፋል" አትበሉ፤ የሚያልፍ መሆኑን አታውቁም። "እመለሳለሁ" አትበሉ፣ ኮንትራት እጃችሁ ላይ ከሌለ። "ውጭ አገር የምትወጣበትን መንገድ አፈላልግልሃለሁ" ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሰው ዓመት ሙሉ በዚያች ቃል ላይ ይኖራል። ልቅሶ ከመጣ ይምጣ፣ ግን ረጅም አታድርጉት፤ የሚቀረው ሰው የሚሄደውን ማባበል የለበትም። "ከአንተ ይህንን ተምሬያለሁ" ማለት ይቻላል፣ እውነት ከሆነ። ፎቶ ተነሱ፣ ግን ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ፤ በግጭት አካባቢ ከማን ጋር እንደቆመ መታየቱ የሚጎዳው ሰው አለ። የበሽተኛ ፎቶ ከስልካችሁ ሳትወጡ ይጥፋ።

ክሊራንስ ስትጨርሱ (ሬዲዮ፣ ላፕቶፕ፣ ቁልፍ፣ የቅድሚያ ክፍያ ደረሰኝ) ቅጂውን ያዙ። የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን እዚያው አንብቡት፤ የስማችሁ ፊደል ከፓስፖርቱና ከዲግሪው ጋር አንድ ካልሆነ ሀዋሳ ላይ ፈቃድ ስታድሱ ወይም ሥራ ስታመለክቱ ወር ያስለፋችኋል። የወሰዳችሁትን ሥልጠና ሁሉ የምስክር ወረቀት ሰብስቡ፣ ለሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ነጥብ ይጠየቃል።

በገጠር ማረፊያዎች የሚበሩት ትንንሽ አውሮፕላኖች ብዙ ጊዜ የሚፈቅዱት 20 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ሲዘንብ ደግሞ የአፈሩ ሜዳ ጭቃ ሆኖ በረራው ይሰረዛል። ተሰናብቶ፣ ተቃቅፎ፣ ሜዳ ሄዶ መመለስ አለ። በዚያን ጊዜ ወደ ዋርድ አትግቡ። የተረከበው ሰው ሥራውን እየያዘ ነው፤ የእናንተ ድንገት መመለስ ነርሶቹን ሁለት አለቃ ያደርግባቸዋል። መጽሐፍ አንብቡ፣ ልብስ እጠቡ። የዶላር ጥሬ ገንዘብ ከያዛችሁ የጉምሩኩን ደንብ ቦሌ ከመድረሳችሁ በፊት እወቁ። ከሆስፒታሉ መድኃኒት "ለመንገድ" ብላችሁ አትያዙ፣ በተለይ ትራማዶል።

ከጁባ ቦሌ ሁለት ሰዓት ያህል በረራ ነው፤ ሰውነት ይደርሳል እንጂ ሐሳብ አይደርስም። ከተቻለ አዲስ አበባ ሁለት ሌሊት እደሩ፤ ያን ሁሉ ዘመድ በዚያው ቀን አትጋፈጡ። ድርጅቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ካቀረበላችሁ "ደህና ነኝ" ብላችሁ አትዝለሉት፣ ደህና የሆነም ይሄዳል።

ሀዋሳ ስትገቡ መጀመሪያ ጤናችሁን ያዙ። የወባ መከላከያ የምትወስዱ ከሆነ አታቋርጡ፦ ዶክሲሳይክሊን በየቀኑ 100 ሚሊግራም፣ ከወጣችሁ በኋላ አራት ሳምንት ይቀጥላል፤ ሜፍሎኪን በሳምንት አንዴ፣ እሱም አራት ሳምንት፤ ማላሮን ሰባት ቀን። ሀዋሳ ራሷ ወባ ያለባት ከተማ ስለሆነች ትኩሳት ሲመጣ "የዚሁ ነው" ብሎ ማለፍ ይመጣል። አትለፉት፤ በዚያው ቀን ተመርመሩ፣ ለሐኪሙም ከየት እንደመጣችሁ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። ፈጣን ምርመራው ነጻ ቢል የደም ፊልም በማይክሮስኮፕ ይታይ፣ ትኩሳቱ ካልለቀቀም በ12 ወይም በ24 ሰዓት ይደገም፤ በኢትዮጵያና በአንዳንድ ጎረቤት አገሮች የተለመደው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመርት የፋልሲፓረም ዝርያ ተገኝቷል። በተቃራኒው በቅርቡ ወባ ታክማችሁ ከሆነ ያው ምርመራ ለሳምንታት "አለ" ሊል ይችላል። ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ስለሚችል የጉዞ ታሪካችሁን ዓመት ሙሉ ጥቀሱ።

ወንዝ ወይም ረግረግ ውስጥ ከገባችሁ የቢልሃርዚያ ምርመራ ቶሎ አይረባም፤ ቢያንስ ሁለት ወር ጠብቁ። (ውጤቱ "አለ" ቢል ሁሉንም በደቡብ ሱዳን ውሃ አታሳብቡ፤ የሀዋሳ ሐይቅም ቢልሃርዚያ አለበት።) ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ካለ ለሳንባ ነቀርሳ በአክታ የጂን ኤክስፐርት ምርመራና ራጅ ይደረግ። የቆዳው ምርመራ እንደ እኛ በልጅነቱ ለተከተበና ነቀርሳ በሚበዛበት አገር ላደገ ሰው ብዙ አይናገርም። መርፌ ወግቷችሁ ከሆነ የ28 ቀኑን የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ጨርሳችሁ ተከታታዩን የኤችአይቪ ምርመራ ቀጠሮ ጠብቁ፤ ሰው በመመለስ ግርግር የሚረሳው ይህንን ነው። ኢቦላ ወይም ማርበርግ ያለበት አካባቢ የነበረ 21 ቀን ሙቀቱን በቀን ሁለት ጊዜ ይለካ።

እንቅልፍ ማጣት፣ በባጃጅ ጥሩምባ መደንገጥ፣ ሰርግ ላይ በተረፈ ምግብ መናደድ፣ እነዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይኖራሉ። ከወር ካለፉ፣ ወይም መጠጥ ካስከተሉ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂዱ። ባለሙያ ስለሆንን ራሳችንን እናክማለን የምንለው ነገር አይሠራም።

የቤቱ ነገር ደግሞ አለ። በሌላችሁበት ያለፈ ሰው ለቅሶ መድረስ ይቀድማል፤ ከሰርግ ጥሪ በፊት እሱን ጨርሱ፣ ያላስታወሳችሁትን እናታችሁ ወይም ጎረቤት ያስታውሳችኋል። የእድር ውዝፍ ክፈሉ። ለሚጠይቃችሁ ሁሉ የዋርዱን ታሪክ አታውሩ፤ አንድ ሁለት ሰው ይበቃል። ሌላውን "ደህና ነበር፣ ሥራ ይበዛ ነበር" ብሎ ማለፍ ውሸት አይደለም።

የመጨረሻው ፈተና ዋትስአፕ ነው። ከሄዳችሁ ሳምንት ሳይሞላ "ይህ ሕፃን ስንት ሚሊ ይሰጠው?" የሚል መልእክት ይመጣል። መልሱን ታውቁታላችሁ፣ ጣታችሁም ይቸኩላል። አትመልሱ። በሽተኛውን አላያችሁትም፣ ክብደቱ ተለውጦ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም በላይ ተተኪውን ታሳንሱታላችሁ። "ተረኛው ማነው? እሱን ጥራው" ብላችሁ ጻፉ። የዋርዱን ግሩፕ ልቀቁ፣ የሰዎቹን ቁጥር ግን ያዙ። ስለ ሥራ ሳይሆን ስለ ቤተሰባቸው ደውሉ። ለዚያ ጥሩው ጊዜ በእኛ ማታ 3 ሰዓት ነው፤ እዚያ 20፡00 ይሆናል፣ የቀኑ ተረኛ ርክክቡን ጨርሶ ጫማውን እያወለቀ ያገኛችሁታል።